ቁጣ ዕዳ አይደለም

ፐንክ በሚባለው የሮክ ሙዚቃ ዘርፍ አድናቂዎችም ሆኑ ሃያስያን ሳይመረምሩ የሚቀበሉት አንድ ፍርድ አለ። በወጣትነቱ በፍጥነትና በጩኸት ስም ያተረፈ ባንድ ከረጅም ዝምታ በኋላ አዲስ አልበም ሲያወጣ፣ ሥራው የሚመዘነው የቀድሞውን ቁጣ መልሶ በማምጣቱ ወይም ባለማምጣቱ ነው የሚል ፍርድ ነው። አባላቱ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳይሰስቱ የሰጡት ነገር ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው እንዳልተከፈለ ዕዳ ይቆጠርባቸዋል፤ አልበሙ በዘገየ ቁጥርም አድማጩ በልቡ ወለድ እያሰላ ይጠብቃል፤ ሥራው ሲወጣ የሚደመጠውም ሙዚቃ ሆኖ ሳይሆን ክፍያ ሆኖ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ አስተሳሰብ ነው። ለሙግቱ የተመረጠው ባድ ብሬይንስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው «ቢልድ ኤ ኔሽን»፣ ማለትም «አገር ገንባ» የተሰኘ አልበም ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ተለይተው ካልተገለጹ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ባንዱ በ1970ዎቹ አጋማሽ በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቿ ሜሪላንድ ያደጉ አራት ጥቁር ወጣቶች የመሠረቱት ነው፤ እነርሱም ኤች. አር. በሚል ስም የሚታወቀው ድምፃዊ ፖል ሃድሰን፣ ወንድሙ የድራም ተጫዋቹ ኧርል ሃድሰን፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ዳሪል ጄኒፈር እና ዶክተር ኖው የሚባለው ጊታሪስት ጋሪ ሚለር ናቸው። መጀመሪያ ማይንድ ፓወር በሚል ስም ፊውዥን፣ ማለትም ጃዝን ከሮክ ጋር ያዋሐደና ከፍተኛ የአጨዋወት ብቃት የሚጠይቅ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ወደ ፐንክ ሲዞሩ ይህን ብቃት ይዘውት መጡ፤ በዚህም የተነሣ ሃርድኮር የተባለውን፣ ፐንክን እጅግ አፋጥኖና አሳጥሮ የሚጫወተውን ስልት ከመሠረቱት ግንባር ቀደሞች መካከል ተቆጠሩ። አብዛኛው ተጫዋችና ተመልካች ነጭ በነበረበት መድረክ ላይ እነዚህ አራት ጥቁሮች ከሁሉም ፈጥነው፣ ከሁሉም ጠርተው ይጫወቱ ነበር። የ1980ውን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸውን፣ ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ የሆነውን «ፔይ ቱ ካም»ን፣ በጥሞና ያደመጠ ሰው የሚሰማው ቁጣ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ውስጥ አንዲት ምት እንኳ አትዝረከረክም።

አልበሙ የዘገየው አባላቱ ስለሰነፉ አልነበረም። ከ1982ቱ የመጀመሪያ ካሴት፣ ከ1983ቱ «ሮክ ፎር ላይት» እና ከ1986ቱ «አይ አጌንስት አይ» በኋላ ባንዱ ደጋግሞ ፈርሶ ደጋግሞ ተሰባሰበ፤ ድምፃዊው ሬጌ ብቻ ልዝፈን ብሎ ሲሄድ ሲመለስ ቆየ፤ የ1993ቱ «ራይዝ» በሌላ ድምፃዊ ተሠራ። አራቱ በ1995 ተሰባስበው «ጎድ ኦቭ ላቭ»ን ቢያወጡም፣ እርሱን ተከትሎ በተደረገው ጉዞ ኤች. አር. በሰዎች ላይ እጁን አነሣ፤ ታሰረ፤ ጉዞውም ባንዱም ተበተኑ። ከዚያ በኋላ በሌላ ስም መድረክ ላይ ታዩ፤ በ2002ም በአመዛኙ ድምፃዊ የሌለበት፣ ዳብ በተባለው የሬጌ ቅንብር ስልት የተሠራ ሥራ አወጡ። ስለዚህ በአራቱ መሥራቾች የተሠራ፣ ድምፅና ግጥም ያለው ሙሉ አዲስ አልበም ለመስማት አድናቂው 12 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። በመጨረሻ ፕሮዲውሰር ሆኖ ሥራውን የመራው ቢስቲ ቦይስ የተባለው የሙዚቃ ቡድን አባል አዳም ያውክ ነበር፤ ያውክ ታዳጊ የሃርድኮር ተጫዋች ሳለ፣ በ1981 የኒው ዮርኩ ማክስስ ካንሳስ ሲቲ የተባለ የሙዚቃ ቤት ሲዘጋ፣ ከባድ ብሬይንስ አስቀድሞ ከጓደኞቹ ጋር በዚያው መድረክ ተጫውቷል።

አልበሙ ሲወጣ አድማጩ በሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን በደስታ ተቀበለው፤ ጊታሩ፣ ቤዙና ድራሙ የመጀመሪያውን ካሴት ዘመን የሚያስታውስ ክብደትና ፍጥነት ይዘው መመለሳቸውን አወደሰ። ሌላው ወገን በድምፃዊው አዘነ፤ ቀድሞ ከማጉረምረም ወደ ጩኸት፣ ከጩኸት ወደ ፉጨት መሰል ከፍታ በአንድ ትንፋሽ ይወረወር የነበረው ሰው አሁን ዝግ ብሎ፣ በገደል ማሚቶ ተከብቦ፣ ጥቂት ቃላትን እየደጋገመ ይዘምራል፤ ሙዚቃው እየነደደ ሳለ እርሱ ቀዝቅዟል ሲል ከሰሰው። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በእጃቸው የያዙት ሚዛን አንድ ነው። ያወደሰው ያወደሰው 1982ን ስላገኘበት ነው፤ የወቀሰውም የወቀሰው 1982ን ስላጣበት ነው። በ2007 ምን እንደተሠራ የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን እምብዛም አልነበረም። የውዳሴውም ጉድለት ከዚህ ይጀምራል፤ የ50 ዓመት ሰውን «ምንም አልተለወጥክም» ብሎ ማመስገን፣ በመካከሉ ያለፈበትን ሁሉ እንዳልነበረ መቁጠር ነውና።

ሲጀመር፣ አድናቂው መለኪያ ያደረገው የ1982 ካሴት እርሱ የሚያስታውሰው ዓይነት ሥራ አይደለም። ሮይር የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ በካሴት ብቻ ያወጣው፣ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ የሚያሳየው ቢጫ ሽፋን ያለው ይህ ሥራ 15 ዘፈኖች አሉት፤ ሦስቱ ዝግ ያሉ የሬጌ ዘፈኖች ናቸው፤ በካሴቱ ውስጥ በርዝመት የሚስተካከለው የሌለውም ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚፈጀው «አይ ላቭ አይ ጃህ» የተሰኘው ሬጌ ነው። ከፈጣኖቹም መካከል እጅግ የታወቀው «አቲቲዩድ» የሚሰብከው ቁጣን ሳይሆን በጎ አስተሳሰብን ነው፤ መፈክሩ የተወሰደው ናፖሊዮን ሂል በ1937 ካሳተመው፣ ሐሳብን አቅንቶ ለስኬት ስለመብቃት ከሚያስተምር መጽሐፍ ነው። ይህን ዝርዝር የሚያውቅ ሰው ባንዱ «ከቁጣ ወደ ምስጋና ወረደ» ሊል አይችልም። ምስጋናው ከመጀመሪያው ነበረ፤ በፍጥነቱ የተደነቀው አድማጭ ግን አላዳመጠውም። 25 ዓመት ሙሉ አንድን ሥራ በግማሽ ጆሮ ሰምቶ፣ በዚያ ግማሽ ትዝታ አዲሱን ሥራ መኮነን ፍትሐዊ አይደለም።

ወደ ድምፁ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከፈታል። ወቃሾች «ድምፁ ተቀብሯል» ሲሉ የሚገልጹት ቴክኒክ በሬጌ ውስጥ የታወቀ ስምና ታሪክ ያለው ነው፤ ዳብ ይባላል። ዳብ በጃማይካ የተወለደ የቅንብር ጥበብ ሲሆን፣ አቀናባሪው የተቀዳውን ዘፈን በታትኖ ቤዝና ድራሙን ያጎላል፤ የዘፋኙን ድምፅ አንዴ ያመጣዋል፣ አንዴ ያርቀዋል፣ በማሚቶ እያስተጋባ ከሩቅ ሸለቆ የመጣ ያስመስለዋል፤ በዚህ ጥበብ ማቀናበሪያው ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። «ቢልድ ኤ ኔሽን» የሠራው አዲስ ነገር ይህን የድምፅ አያያዝ በሬጌዎቹ ዘፈኖች ብቻ ሳይወስን ወደ ፈጣኑ ሃርድኮርም ማምጣቱ ነው። ባንዱ ለ30 ዓመታት ያህል ሁለቱን ስልቶች ጎን ለጎን ሲጫወት ኖሯል፤ አንድ ፈጣን፣ ከዚያ አንድ ዝግ ያለ፣ ከዚያ እንደገና ፈጣን፣ በመካከላቸውም ግልጽ ድንበር። በዚህ አልበም ድንበሩ ፈርሷል፤ ከታች ሦስቱ መሣሪያዎች እንደ ክረምት ደራሽ ውኃ ይወርዳሉ፤ ከላይ ሰውየው በዚያ ሁሉ ሳይናወጥ በራሱ እርምጃ ይሄዳል። የአልበሙ ጉልበት ያለው በዚህ ርቀት ውስጥ ነው። ድምፃዊው እንደ ቀድሞው ቢጮህ ኖሮ ርቀቱ ይጠፋ ነበር፤ የሚቀረውም ከዚህ ቀደም በተሻለ ሁኔታ የተሠራ ነገር ቅጂ ነው።

ድምፅን ማራቅ ለባንዱ እንግዳ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ብዙዎች የሥራዎቻቸው ቁንጮ በሚሉት «አይ አጌንስት አይ» ውስጥ «ሴክሬድ ላቭ» የተሰኘውን ዘፈን ኤች. አር. የዘፈነው ከእስር ቤት ሆኖ በስልክ ነው። ያ የቀጠነ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ለአድናቂዎች አፈ ታሪክ ሆኗል፤ ማንም «ተቀብሯል» ብሎ አልከሰሰውም። እስር ቤቱ ያራቀው ድምፅ እንዲህ ከተወደደ፣ ሰውየው በፈቃዱ ያራቀው ድምፅ የሚነቀፍበት ምክንያት ከሙዚቃው ውስጥ ሊገኝ አይችልም፤ የሚገኘው አድማጩ ስለ ጀግናው በልቡ ከሣለው ሥዕል ውስጥ ነው።

የመደጋገም ክስም ከእምነቱ ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም። አራቱ ወጣቶች በ1970ዎቹ መጨረሻ ከቦብ ማርሌ ሙዚቃ ጋር ተዋውቀው የራስ ተፈሪያንን እምነት ተቀበሉ፤ ይህም ስሙን ከኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቀድሞ መጠሪያ ያገኘ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈጸመውን የንግሥ በዓል የትንቢት ፍጻሜ አድርጎ የተረዳ፣ በጃማይካ የተነሣ እምነት ነው። በባድ ብሬይንስ ዘፈኖች በየስንኙ የሚጠራው «ጃህ» የእግዚአብሔር ስም ነው፤ የአማርኛ አንባቢ ይህንኑ ስም «ሃሌ ሉያ» በሚለው ቃል የመጨረሻ ቀለም ሁልጊዜ ይጠራዋል። ስለ ንጉሡ ኢትዮጵያውያን ያላቸው ትዝታ የተለያየና ብዙ ክርክር ያለበት ነው፤ ለሙዚቃው ፍርድ ሲባል ግን ከእምነቱ ጋር መስማማትም አለመስማማትም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዘፈኖቹ የምን ዓይነት ንግግር እንደሆኑ ማወቅ ነው። የምስጋና ንግግር አዲስ ወሬ አያመጣም፤ በመመላለስ ይጠልቃል እንጂ። በምሕላ ጊዜ 41 ጊዜ የሚደጋገመውን እግዚኦታ የሚያውቅ አንባቢ፣ መደጋገም የቃል ድህነት ምልክት ነው የሚለውን ክስ በቀላሉ አይቀበልም። የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን ርእስ ራሱ ምስጋናና ውዳሴ ስጡ የሚል ጥሪ ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ገና በደጁ ላይ ተናግሯል። ከዚህ በኋላ ስድብና ፉከራ ያልሰማ አድማጭ ተታለልኩ ሊል አይገባውም።

አንዳንዶች ደግሞ የድምፃዊውን ዝግታ በሕመሙ ያብራራሉ። ኤች. አር. ለረጅም ጊዜ ከአእምሮ ሕመም ጋር የኖረ ሰው መሆኑ በኋላ በሕይወቱ ላይ በተሠራ ዘጋቢ ፊልም በግልጽ የተነገረ ጉዳይ ነው። ሆኖም የዚህ ማብራሪያ አጠቃቀም ሊወገዝ ይገባል። በወጣትነቱ በመድረክ ላይ ወደ ኋላ እየተገለበጠ ሲጮህ «ሊቅ» ያሉት ሰዎች፣ ጸጥ ሲል «ታማሚ» ይሉታል፤ ጩኸቱ የጥበቡ፣ ዝምታው የሕመሙ ሆኖ ይመደባል። እንዲህ ያለው አከፋፈል ስለ ሰውየው ጤና የሚያስረዳው ነገር የለም፤ የሚያሳየው ተመልካቹ ከሰውየው የሚፈልገውን ነው። ሐኪም ያልሆነ አድማጭ በእጁ ያለው ማስረጃ የተቀዳው ድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፁም በምቱ ላይ በትክክል ይቀመጣል፣ ዜማውን ይጠብቃል፣ ከመሣሪያዎቹ ጋር ሆነ ብሎ ይቃረናል። ባንዱን ከታዳጊነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ያውክም ቀረጻውን እየመራ ለሕትመት ያበቃው ይህንኑ ድምፅ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የጥንቱ ቁጣ ይመለስ የሚሉ ሰዎች ያ ቁጣ ምን ምን ይዞ እንደነበር መርሳታቸው ያሳዝናል። በ1982 ባንዱ በቴክሳሷ ኦስቲን ከተማ በተጫወተበት ወቅት አብረዋቸው በነበሩ ግብረ ሰዶማዊ የፐንክ ሙዚቀኞች ላይ ያሳየው ንቀትና ጥላቻ በወቅቱ ከባድ ቅሬታ አስነሥቷል፤ በ1989ኙ «ክዊክነስ» አልበም ውስጥ የሚገኝ አንድ ዘፈንም በዚሁ ጥላቻ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። የ1995ቱ ጉዞም ከላይ እንደተጠቀሰው በጥቃት ተቋጨ፤ በዚያ ጉዞ ከተጎዱት መካከል ቲኬት ገዝቶ የመጣ አድናቂ ይገኝበታል። ቁጣ በሙዚቃ ውስጥ ሲሰማ ያምራል፤ በሰው ላይ ሲያርፍ ግን አጥንት ይሰብራል፤ ባድ ብሬይንስ ሁለቱንም አድርጓል። እነዚህ ሰዎች ጎልምሰው፣ የሰላምና የፍቅር ቃል ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲመጡ «የቀድሞው ይሻል ነበር» የሚል አድናቂ፣ የሚናፍቀው የቱን የቀድሞ እንደሆነ ለይቶ መናገር አለበት። ለይቶ ካልተናገረ ናፍቆቱ ሁሉንም ይጨምራል።

የተቃራኒው ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ በክብርም ሊመለስለት ይገባል። ፐንክ በባሕርዩ የእምቢታ ሙዚቃ ነው፤ ጥቁር ወጣቶች በገዛ ከተማቸው መድረክ ሲነፈጋቸው «በዲሲ ታግደናል» ብለው የዘፈኑበት ሙዚቃ ነው፤ ዓለም ደግሞ በ2007 አልተሻለችም፤ ጦርነት አለ፣ ዘረኝነት አለ፤ ስለዚህ እምቢታን ትቶ በምስጋና መኖር ለኃያላኑ ሜዳውን መልቀቅ ነው ይላሉ። ይህ ክርክር የሚሳሳተው እምቢታ አንድ ድምፅ ብቻ እንዳለው በማሰቡ ነው። ማርሌ ንጉሠ ነገሥቱ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት በዘረኝነት ላይ ያደረጉትን ንግግር በ1976 ወደ ዘፈን ሲለውጠው፣ በዝግተኛ የሬጌ ምት ላይ አስቀመጠው እንጂ አልጮኸበትም፤ ያም ሆኖ ከዚያ ዘፈን የበለጠ እምቢተኛ የሆነ የፐንክ ዘፈን መጥቀስ ይከብዳል። ባድ ብሬይንስ የተማሩት ከዚያ ቤት ነው። «አገር ገንባ» የሚለው ርእስም ከእምቢታ ማፈግፈግ ሳይሆን የእምቢታ ቀጣይ ሥራ ነው። ራስ ተፈሪያን ባቢሎን ብለው የሚጠሩትን የግፍ ሥርዓት የተቃወመ ሰው በምትኩ ምን እንደሚያቆም ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ጥያቄውን የሚመልሰውም ከወጣት ይልቅ ጎልማሳው ነው። በኃይል የተመታ ጊታር ለተቃውሞው ይበቃ ይሆናል፤ ለግንባታው ግን የረጋ ድምፅ ያስፈልጋል።

አድናቂው በእርግጥ የሚፈልገው የጥንቱን ቁጣ ነው ወይ የሚለው ራሱ አጠራጣሪ ነው። በዚያው በ2007 ሌላ አንጋፋ ባንድ፣ ዘ ስቱጀስ፣ ከ1973ቱ «ሮው ፓወር» ከ34 ዓመት በኋላ «ዘ ዊርድነስ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። ያ አልበም የወጣትነቱን ሸካራ ጩኸት ይዞ መጣ፤ ድምፃዊው ኢጊ ፖፕ 60 ዓመት ሊሞላው የቀሩት ሳምንታት ነበሩ፤ ምላሹም በአመዛኙ ነቀፋ ሆነ፤ ሽማግሌዎች ልጅነታቸውን ያስመስላሉ ተባለ። እንግዲህ የተለወጠው ስለተለወጠ፣ ያልተለወጠውም ስላልተለወጠ ከተወቀሰ፣ አንጋፋ ባንድ የሚያልፍበት በር አልተተወለትም ማለት ነው። ሰዎቹ እንዲያረጁ አይፈቀድላቸውም፤ ወጣት እንዲሆኑም እንዲሁ።

«ቢልድ ኤ ኔሽን» እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። በራሱ ሚዛን ሲመዘን የሚጎድልበት አለ፤ ጥቂት ዘፈኖች ሐሳባቸው ሳይጠልቅ ያልቃሉ፤ በአንዳንዶቹም ማሚቶው ድምፁን ከማራቅ አልፎ ቃሉን ያደበዝዘዋል፤ ፍቅርና ሰላም የሚሉት ቃላት በዜማ ካልተደገፉ ባዶ ሰላምታ ይሆናሉ፤ በዚህ አልበም ውስጥ እንደዚያ የሆኑበት ቦታም አለ። እነዚህ ግን የምስጋና መዝሙር ሊኖሩበት የሚችሉ ጉድለቶች ናቸው፤ ሊታረሙ የሚችሉትም ምስጋናውን በማጥለቅ እንጂ ጩኸት በመጨመር አይደለም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ባንዱ «ኢንቱ ዘ ፊውቸር»ን ሲያወጣ ያው ቅሬታ ተደገመ፤ ሙዚቃው ጠንካራ፣ ድምፁ ቀዝቃዛ ተባለ። በዚያ ዓመት ሜይ ወር ያውክ በ47 ዓመቱ በካንሰር አርፎ ነበር፤ ባንዱም አልበሙን ለእርሱ መታሰቢያ አደረገ። የመዝጊያው ሥራ ርእስ «ኤምሲኤ ዳብ» ነው፤ ኤምሲኤ የያውክ የመድረክ ስም ነበር። በዓለም ፈጣኑ የተባለው ባንድ ወዳጁን የሸኘው ከጃማይካ በተማረው፣ ድምፅ እየራቀ በማሚቶ በሚጠፋበት ዝግ ያለ ስልት ነበር።